የመንገደኛ ሞተር ብስክሌት ዘይት በገዛ እጅ ስለ መለወጥ



ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ከአፍ ቢቀርም ንቀቱ ከልብ ጨርሶ አልወጣም፤ በተለይ እኛ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የምንማረው ሰዎች ብረት መንካት የሌላ ሰው ዕጣ መስሎ ይታየናል። እንግዲህ ይህ ትምህርት ዐይንና እጅ ላለው ሁሉ የሚቻል፤ ነገር ግን በቸልታ ከሠሩት ሞተር የሚያቃጥልና ሰው የሚጥል አንድ ሥራ ያሳያል። ይኸውም የሞተር ብስክሌትን ዘይት በቤት መለወጥ ነው።

ዘይት ለምን ይለወጣል?

ዘይት በሞተር ውስጥ አራት ሥራ አለው። ብረት ከብረት እንዳይፋተግ በመካከል ይገባል፤ ሙቀትን ተሸክሞ ያወጣል፤ ጥላሸትንና የብረት ብናኝን ወደ ፊልትሮ ያደርሳል፤ በፒስቶንና በሲሊንደር መካከል ያለውን ክፍተትም ይደፍናል። ይህን ሁሉ ሲሠራ ራሱ ያረጃል። ከቃጠሎው የተረፈ ጥላሸት፤ ቤንዚንና የውሃ እንፋሎት ይገባበታል፤ ከዚህም አሲድ ይፈጠራል። ፋብሪካው የጨመረበት ቅመምም እያለቀ ይሄዳል። እንፋሎቱና አሲዱ ሞተሩ ቆሞ ሳለም ብረቱን ስለሚበሉት፤ “ብዙ አልነዳሁትምና ዘይቱ አዲስ ነው” ማለት ስሕተት ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን የጀርመኑን ቢኤምደብልዩ አር 1200 አርቲ እንውሰድ። ይህ ከ2005 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የተሠራው፤ ሁለት ሲሊንደሮቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጉ፤ በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዝ የረጅም መንገድ ሞተር ነው። ዘይቱ በየ10,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንድ ጊዜ፤ ከሁለቱ በቀደመው ይለወጣል። ከነፊልትሮው ሲለወጥ 4 ሊትር ይይዛል።

የትኛው ዘይት?

በቆርቆሮው ላይ እንደ 20ደብልዩ-50 ያለ ጽሑፍ ይገኛል። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚፈስ፤ የኋለኛው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሙቀት ምን ያህል ወፍሮ እንደሚቆይ ያመለክታል። ደብልዩ የብርድ ወራት ምልክት ናት።

ሌላም ልዩነት አለ። በዚህ ሞተር ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው፤ ማርሹም የራሱ ዘይት አለው። በብዙ ሌሎች ሞተር ብስክሌቶች ግን፤ ለምሳሌ በሆንዳ ጎልድ ዊንግ 1800፤ ሞተሩም ማርሹም ፍሪሲዮኑም የሚነከሩት በአንድ ዘይት ነው። ለእነዚህ በጃፓኖች መለኪያ “ጃሶ ኤምኤ” የሚል ምልክት ያለው ዘይት ያስፈልጋል። ለመኪና የተሠራው አንዳንዱ ዘይት ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም ስላለበት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል፤ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ግን ጉልበት ያጣል። ዳገት ላይ መኪና ለመቅደም በወጡበት ሰዓት ይህ ቢደርስ ምን እንደሚከተል ለማንም ግልጽ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

8 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፤ ፊልትሮውን እንደ ቆብ የሚገጥም መፍቻ፤ የማጥበቂያ ኀይል የሚለካ ቁልፍ፤ ከ5 ሊትር በላይ የሚይዝ ሳፋ፤ አፉ ሰፊ ጫፉ ጠባብ የሆነ ማፍሰሻ፤ ጓንት፤ ጨርቅ፤ አዲስ ፊልትሮና ለቡሎኑ አዲስ ሮንዴላ።

አሠራሩ

1ኛ/ ሞተሩን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ አሙቁት። የሞቀ ዘይት ቀጥኖ ይወርዳል፤ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ሞተር አታስነሡ፤ ጢሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበትና ይገድላል።

2ኛ/ በደልዳላ መሬት ላይ በመካከለኛው መቆሚያ አቁሙት፤ ሞተሩን አጥፉ። ከታች ከመፍታታችሁ በፊት የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ከላይ ክፈቱ። አየር ሲገባ ዘይቱ በቀላሉ ይወርዳል።

3ኛ/ ትክክለኛውን ቡሎን ለዩ። ከታች የሞተሩ፤ የማርሹና የኋላ ጎማ ማዞሪያው ቡሎኖች ለየብቻ አሉ። የማርሹን ዘይት አፍስሶ በሞተሩ ላይ 4 ሊትር የጨመረ ሰው ማርሹን አድርቆ ሞተሩን አጥለቅልቋል፤ ሁለቱም ይበላሻሉ። ስለዚህ መጽሐፉን ሳትመለከቱ ቁልፍ አታንሡ።

4ኛ/ ሳፋውን ከሥር አድርጋችሁ ቡሎኑን ፍቱ። መጨረሻ ላይ በጣት ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ይዞ በአንድ ጊዜ ማውጣት ይሻላል። ጠብታው እስኪያልቅ ታገሡ።

5ኛ/ የወጣውን ዘይት መርምሩ። መጥቆር ሥራውን የመሥራቱ ምልክት ነው። እንደ ዱቄት የደቀቀ ጥቂት ብናኝ አያስፈራም። በጣት የሚለቀም የብረት ስንጣሪ ከተገኘ ግን ሞተሩ ውስጥ የሚበላ ነገር አለና መካኒክ ይየው። እንደ ወተት የነጣ ዘይት ውሃ መግባቱን ይናገራል።

6ኛ/ አሮጌውን ፊልትሮ አውጡ፤ የጎማ ቀለበቱም አብሮ መውጣቱን አረጋግጡ። አሮጌው ቀለበት ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ቢደረብበት፤ ዘይቱ በግፊት ፈንድቶ ይወጣል። የአዲሱን ቀለበት በንጹሕ ዘይት ቀብታችሁ በእጅ ግጠሙ፤ ከዚያ በ11 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ይህም 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው እጀታ ጫፍ ላይ 5.6 ኪሎ ያህል እንደ ማንጠልጠል ነው። ጉልበት የሚያሳዩበት ቦታ አይደለም።

7ኛ/ ቡሎኑን በአዲስ ሮንዴላ አስቀድማችሁ በጣት አስገቡ፤ ከዚያ መጽሐፉ በሚያዝዘው ልክ አጥብቁ። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ስለ ሆነ ከልክ በላይ የጠበቀ ቡሎን ጥርሱን ይበላዋል፤ የላላውም በመንገድ ላይ ይወድቃል።

8ኛ/ በመጀመሪያ 3.5 ሊትር ብቻ ጨምሩ። ክዳኑን ዘግታችሁ ሞተሩን አስነሡ። የዘይት ግፊት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ካልጠፋ ወዲያው አጥፉ። ከጠፋ ግን ከሥር የሚያፈስ ነገር እንዳለ ተመልከቱ።

9ኛ/ ሞተሩ በሚገባ ሲሞቅ አጥፍታችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በመስተዋቷ ልኩን እዩ። በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ግማሽ ሊትር ነው። በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ ከላይኛው ምልክት ሳያልፍ አቁሙ፤ የተትረፈረፈው በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ይሄዳልና።

10ኛ/ የፈሰሰውን ሁሉ ጥረጉ። ከሁሉ በላይ የኋላ ጎማውን ፈትሹ፤ ሞተሩ ከጎማው ፊት ለፊት ስለ ሆነ ጥቂት ዘይት እንኳ ቢነካው መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሰውን ይጥላል። ከ10 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ቡሎኑንና ፊልትሮውን ዳግመኛ እዩ፤ ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በደብተር ጻፉ።

የወጣው ዘይት የት ይሂድ?

ሥራው በዚህ አያበቃም። የተቃጠለ ዘይት በአገራችን የቤት ምሰሶን ምስጥ እንዳይበላው ይቀባል፤ የቀረው ግን ብዙ ጊዜ በየቦዩ ይደፋል። በአዲስ አበባ ቦይ የተደፋው ዝናም ሲመጣ ወደ አቃቂ፤ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በአቃቂ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ያንኑም እኛው እንበላዋለን። ስለዚህ አሮጌውን ዘይት በሚዘጋ ጀሪካን ከትታችሁ ለሚሰበስብ ጋራዥ አስረክቡ። ዘይቱ ቆዳንም ስለሚጎዳ ጓንታችሁን እስከ መጨረሻው አታውልቁ።

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ይባላል። እህል ከሆነ ይለቀማል፤ ዘይት ግን ከፈሰሰ አይለቀምም። ስለዚህ ለሥራው ሰፊ ጊዜ ያለበትን ቀን ምረጡ፤ አሥሩንም ተራ በተራ ፈጽሙ፤ አንዱንም አትዝለሉ።