ዓይናችንም ሐቅ አለው

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ብዙዎቻችን ከላፕቶፑ ጎን ሁለተኛ ስክሪን አስቀምጠን ከዒሻ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት እንሠራለን። ከዚያ ራሳችንን እያመመን፣ ዓይናችን እያቃጠለን ለፈጅር መነሳት ይከብደናል።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊቱን በሶላት፣ ቀኑን በጾም ያሳልፍ ለነበረው ለዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ሰውነቱም ዓይኑም በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነግረውታል። ለዒባዳ ይህ ከተባለ ለእኛ አሳይመንትማ!

ሐቁን እንዴት እንወጣ?

1. ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን እንያዝ። ስክሪኑ እንደ መብራት ከደመቀ እንቀንሰው፤ ግራጫ ከመሰለ እንጨምረው።
2. በሁለቱም ስክሪኖች ባዶ ነጭ ገጽ ከፍተን ብርሃናቸውን እናመሳስል። ካልተመሳሰሉ ዓይን በዞረ ቁጥር እንደ አዲስ ይለማመዳል። የጅማ ዝናብ ክፍሉን ሲያጨልመው ደግመን እናስተካክል።
3. መስኮት ከጎናችን ይሁን፤ ስክሪኑም የክንድ ርዝመት ያህል ይራቅ።
4. በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል የሚርቅ ነገር እንይ። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ማርገብገብ እንረሳለን፤ ዓይን የሚደርቀውም ለዚህ ነው።

ማቃጠሉ ካልተወን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለው፤ እንታይ። ዓይን አማና ነው። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን።