የላቦራቶሪ ደብተር እንደ ማስረጃ፦ የሕክምና መመርመሪያ ዘዴን ማን ቀድሞ ፈጠረ?

በፓተንት ክርክር ውስጥ ፈጣሪው ሐሳቡ መቼ እንደ መጣለት ያውቃል፤ ዳኛው ግን የሚያየው የቀረበለትን ማስረጃ ብቻ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ በአሜሪካ የታየውን የሃይብሪቴክ ጉዳይ መነሻ በማድረግ፣ ምስክር ዘግይቶ የፈረመበት የላቦራቶሪ ደብተር ቀዳሚነትን ለማስረዳት ይበቃ እንደ ሆነ ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ናቸው።

በቀድሞው የአሜሪካ ሕግ ቀዳሚነት የሚመዘነው በሦስት ነጥቦች ነበር። አንደኛው የሐሳቡ መፀነስ ነው፤ ይኸውም ፈጠራው ሙሉና ቁርጥ ያለ ሆኖ በፈጣሪው አእምሮ መቀረጹ ነው። ሁለተኛው ለታለመለት ዓላማ መሥራቱ በተግባር መረጋገጡ ነው። ሦስተኛው፣ ሐሳቡን ቀድሞ ፀንሶ በተግባር ለማረጋገጥ የዘገየ ሰው ያሳየው ያልተቋረጠ ትጋት ነው። የፈጣሪው ቃል ብቻውን ስለማይበቃ ደጋፊ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ኮለርና ሚልስታይን አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላትን (ሞኖክሎናል አንቲቦዲዎችን) የማምረቻ ዘዴ በ1975 ካሳወቁ በኋላ ብዙ ተመራማሪዎች ወደ ዘርፉ ገቡ። ሃይብሪቴክ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ1983 ፓተንት ያገኘበት ዘዴ፣ የሚፈለገውን ንጥረ ነገር በሁለት እንዲህ ባሉ አንቲቦዲዎች መካከል በመያዝ መኖሩንና መጠኑን ያሳያል። ኩባንያው ተፎካካሪውን ሞኖክሎናል አንቲቦዲስን ሲከስ፣ ተከሳሹ ፓተንቱ ዋጋ የለውም ሲል ተከራከረ። የሥር ፍርድ ቤት በ1985 ሐሳቡ ከሜይ 1980 በፊት መፀነሱ አልተረጋገጠም ብሎ ለተከሳሹ ፈረደ።

ክርክሩ ያተኮረው በደብተሮቹ ላይ ነበር። አንዳንዶቹ ገጾች በምስክር የተፈረሙት ከተጻፉ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ቆይተው ነበር። ይግባኙን ያየው የፌዴራል ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 1986 ፍርዱን ሻረው። መዘግየቱ ብቻውን ደብተሮቹን የማይታመኑ አያደርጋቸውም፤ ኩባንያው ገና ጀማሪ ነበር፤ የፈረሙትም ሙከራውን ያልሠሩ ሌሎች ተመራማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ማስረጃው በአንድነት ሊመዘን ይገባል ሲል ወሰነ።

ከማርች 16 ቀን 2013 ጀምሮ አሜሪካ ቀድሞ ላመለከተ ፈጣሪ ቅድሚያ ወደሚሰጥ ሥርዐት ተሻግራለች። ይህም የደብተሩን ጥቅም አላስቀረም። ሌላው ሰው ሐሳቤን ከእኔ ወስዶ ቀድሞኝ አመለከተ የሚል ፈጣሪ፣ ሐሳቡን አስቀድሞ መፀነሱንና ለዚያ ሰው ማካፈሉን ዛሬም ማስረዳት አለበት።

የሃይብሪቴክ ፍርድ ግን ለቸልተኝነት ፈቃድ አይደለም። የዘገየው ፊርማ የተረፈው በይግባኝ ነው። ቀን የተጻፈበትና በሙከራው ያልተሳተፈ ባልደረባ በወቅቱ አንብቦ የፈረመበት ገጽ ግን ከዚህ ሁሉ ሙግት ያድናል።