የትርጉም ድግግሞሽ

ሀ. ምንባብ

ተማሪዎች ሆይ፤ ከዚህ በታች ያለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ጀልዴሳ ድሮ በቀድሞ ዘመን የታወቀች የንግድ ጣቢያ ነበረች። ከዘይላ ወደብ ተነሥተው ወደ ሐረር ወደ ላይ የሚወጡ ሲራራ ነጋዴዎች ዘወትር ሁልጊዜ በዚያ ያርፉ ነበር። የጭነት እንስሳቶችንም ይለውጡ ነበር። በኋላ ግን ጀልዴሳ ተዳከመች። የተዳከመችውም ኃይሏን ስላጣች ነው።»

ለ. ማብራሪያ

አንድን ሐሳብ አዲስ ነገር ሳይጨምሩ በሌላ ቃል መድገም የትርጉም ድግግሞሽ ይባላል። ግሪኮች «ታውቶሎጊያ» ይሉታል፤ «ያንኑ መናገር» ማለት ነው። በባንግላዴሽና በሕንድ የሚነገረው የቤንጋሊ ቋንቋም «ፑኖሩክቲ» ይለዋል፤ ትርጉሙ «ዳግም የተባለ» ነው።

በምንባቡ ውስጥ «ድሮ» ካልን «በቀድሞ ዘመን»፣ «ዘወትር» ካልን «ሁልጊዜ» ትርፍ ነው። ከቆላ ወደ ሐረር ደጋ የሚወጣ ሰው ወደ ታች ሊወጣ ስለማይችል «ወደ ላይ» አያስፈልግም። «እንስሳት» ራሱ የ«እንስሳ» ብዙ ቁጥር ነው፤ «ኦች» ሲጨመርበት ብዙው እንደ ገና ይበዛል። «መጻሕፍቶች»፣ «ቃላቶች»፣ «ሕፃናቶች» የሚሉትም በዚሁ ስሕተት የተያዙ ናቸው።

ሐ. በሥነ አመክንዮ

«ዛሬ በጀልዴሳ ይዘንባል ወይም አይዘንብም» ብንል ሰማዩ ቢጠቁርም ቢጠራም አባባላችን እውነት ነው። ፈላስፋው ሉድቪግ ቪትገንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ሥራው እንዲህ ላለው አባባል ይህንኑ የግሪክ ስም ሰጥቶታል። አባባሉ ከቶ ሐሰት ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን ጃንጥላ እንያዝ ወይስ እንተው አይነግረንም። ሁልጊዜ እውነት የሆነ ቃል ስለ ዛሬው ቀን አንዳች አያስታውቅም።

መ. ምክንያት የሚመስል ድግግሞሽ

አሁን የምንባቡን መጨረሻ ተመልከቱ። መዳከምና ኃይል ማጣት አንድ ነገር ናቸው። ጸሐፊው «ስለ» የምትለውን ቃል አስገብቶ ምክንያት የሰጠ መሰለ፤ የሰጠው ግን ጥያቄውን ራሱን ነው። ትርፍ ቃል የአንባቢን ጊዜ ብቻ ይወስዳል። ይህኛው ግን ያልታወቀውን የታወቀ ስለሚያስመስል አንባቢው መጠየቁን እንዲያቆም ያደርገዋል። ስለዚህ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው።

እውነተኛው ምክንያት ከጽሑፉ ውጭ መፈለግ አለበት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐዲዱ ጀልዴሳን ሳይነካ በሌላ በኩል ስላለፈ የሐረር ንግድ ከግመል ጀርባ ወደ ባቡር ዞረ። ይህ ነው ምክንያት የሚባለው።

ሠ. የማይነቀፍ ድግግሞሽ

መድገም ሁሉ ስሕተት አይደለም። «ቶሎ ቶሎ ሂድ» ሲባል ድግግሙ ትእዛዙን ያጠብቃል። «ልጅ ምን ጊዜም ልጅ ነው» የሚሉ እናትም ስለ ልጅነት ማስተማራቸው ሳይሆን ጥፋቱ ይቅር እንዲባል መለመናቸው ነው። መለያው ይህ ነው፦ ቃሉን ሰርዙት፤ ከሐሳቡ የጎደለ ነገር ከሌለ ትርፍ ነበር።

ረ. የታረመ አንቀጽ

«ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ጀልዴሳ ድሮ የታወቀች የንግድ ጣቢያ ነበረች። ከዘይላ ወደብ ተነሥተው ወደ ሐረር የሚወጡ ሲራራ ነጋዴዎች ዘወትር በዚያ ያርፉ፣ የጭነት እንስሳትንም ይለውጡ ነበር። በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ በሌላ በኩል አልፎ ድሬዳዋ ሲደርስ ግን ንግዱ ስለ ራቃት ተዳከመች።»

ሰ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን አርሙ፤ የታረመበትንም ምክንያት ግለጹ።
   ሀ) የመንደሩ አዛውንቶች ዳግመኛ እንደ ገና ተሰበሰቡ።
   ለ) ገበያው የቀዘቀዘው ገበያተኛ ስለ ጠፋ ነው።
2. በአካባቢያችሁ ስለ ደመቀ ወይም ስለ ተዳከመ አንድ ሥፍራ ስምንት መስመር ጻፉ። «ስለ» ባላችሁበት ሁሉ ቆም ብላችሁ፣ አዲስ ነገር መናገራችሁን መርምሩ።