ባልና ሚስት ሆናችሁ ለትምህርት ስትመጡ፦ የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት

ዘንድሮም ነሐሴ ሳይጋመስ ስልኬ መጮህ ጀመረ። ከሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል፣ ከዓለም ከተማ ይደወላል። ደዋዩ ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የገባ የአገሬ ልጅ ነው፤ ከጎኑ ሚስቱ አለች፣ ወይም ከጎኗ ባሏ አለ። ጥያቄው በየዓመቱ ያው ነው። ብርድ ልብስ እንያዝ ወይ? በርበሬና ሽሮ ያስገባሉ ወይ? የቤት ኪራይ ስንት ነው? እመልሳለሁ። ከዚያ እኔ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ለሚስትህ የጤና ኢንሹራንስ የምታስገባላት በስንተኛው ቀን ነው?» ስልኩ ላይ ዝምታ ይሆናል። ዝምታው ሰለቸኝ፤ አስፈራኝም። ከዛሬ በኋላ ለሚደውል ሁሉ ይህንን ጽሑፍ እልካለሁ።

ስለ ብርዱ አትጨነቁ። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የጥቅምትን ውርጭ ችሎ ያደገ ሰው ካፖርት ከገዛ ይበቃዋል። ባለቤቴ እናቱ ከበጎቻቸው ጠጉር የፈተሉትን ባና ተሸክሞ መጥቷል፤ ዛሬም የምንለብሰው እሱን ነው። በርበሬውንም ያዙ፣ ስትገቡ ግን ምግብ መያዛችሁን ተናገሩ።

ወረቀቱንም ባጭሩ ልለፈው። በተክሊል ብትጋቡም፣ በሽማግሌ ፊት ሰማንያ ብታስሩም፣ የወሳኝ ኩነት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌላችሁ ለኤምባሲው ባልና ሚስት አይደላችሁም። አስተርጉሙት፣ ከሰነዶች ማረጋገጫና ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም አስመቱበት። መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ ከወረዳ አንድ ወረቀት ማስወጣት ምን ማለት እንደሆነ የሰሜን ሸዋ ሰው ባለፉት ዓመታት አይቶታል፤ ስለዚህ የቪዛውን ቀጠሮ ሳትጠብቁ አሁኑኑ አውጡ። ለኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ተማሪው የሴቪስ፣ ማለትም የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ፣ 350 ዶላር ይከፍላል፣ ባል ወይም ሚስት ይህን አይከፍሉም። የቪዛ ማመልከቻው ለእያንዳንዱ 185 ዶላር ነው። በጁላይ 2025 (እ.ኤ.አ.) ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቪዛ ለ3 ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ተደርጓል፤ ስለዚህ ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ አገር ቤት ደርሰን እንመለሳለን ብላችሁ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የወቅቱን ደንብ ጠይቁ።

የቪዛውን ዓይነት ግን ቆም ብላችሁ አስቡበት። ተማሪው ኤፍ-1 ከሆነ ተከትሎ የሚመጣው ኤፍ-2 ይባላል፤ ኤፍ-2 የያዘ ሰው መሥራት አይፈቀድለትም። የሬስቶራንት ጓዳ ገብቶ በእጅ መቀበልም ሥራ ነው፤ «ማን ያያል?» የሚላችሁን ሰው አትስሙ፣ የወደፊት ወረቀታችሁን የሚያበላሸው እሱ ነው። ተማሪው ጄ-1 (የልውውጥ ቪዛ) ከያዘ ግን ተከትሎት የሚመጣው ጄ-2 አመልክቶ የሥራ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። በሌላ በኩል ጄ-1 በመንግሥት ገንዘብ የሚማር ከሆነ፣ ለምሳሌ በፉልብራይት፣ ከትምህርቱ በኋላ 2 ዓመት አገር ቤት የመቆየት ግዴታ አለበት። ዩኒቨርሲቲው የትኛውን እንደምትመርጡ ሲጠይቃችሁ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ መልሱ፤ ተማሪው ብቻውን በሌሊት ምልክት አድርጎ አይላከው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እኔ የመርሐ ቤቴ ልጅ ነኝ፣ ባለቤቴ የመንዝ ሰው ነው። ተማሪዋ እኔ ነበርኩ። እሱ 8 ዓመት ያስተማረበትን ትምህርት ቤት ለቆ ኤፍ-2 ሆኖ ተከተለኝ። የእኔ ኢንሹራንስ በዩኒቨርሲቲው በኩል ወዲያው ገባ። የእሱ ግን ለብቻው መከፈል ነበረበት፣ ለሴሚስተሩ 1,400 ዶላር። በእጃችን የነበረው 1,900 ነው። ልከፍል ቀጠሮ በያዝኩበት ሳምንት ወንድሙ ደወለና አባታቸው ማረፋቸውን ነገረው። በአገራችን መርዶ በማለዳ በሽማግሌ ይነገራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሰው ይደግፋል። እሱ ግን የአባቱን ሞት የሰማው ገና ፍራሽ እንኳ ባልገዛንበት ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ጫማውን እያሰረ ነው።

ከዚያ የአርባው ዝግጅት መጣ። ማንም አምጡ አላለንም። እኛው ነን «ልጁ አሜሪካ እያለ የአባቱ ተዝካር በዝቅታ ሊወጣ ነው?» ብለን ያሰብነው። 1,500 ዶላር ላክን። ኢንሹራንሱን በሚቀጥለው ወር እንከፍላለን ተባባልን።

በሚቀጥለው ወር ገንዘቡን ይዤ የዩኒቨርሲቲው ኢንሹራንስ ቢሮ ስሄድ ጸሐፊዋ ባለቤቴ የገባበትን ቀን ኮምፒውተሩ ላይ አየችና ቀኑ አልፏል አለችኝ። ከገባበት ቀን አንስቶ 31 ቀን ነበረን፣ አሁን ጃንዋሪን መጠበቅ አለብን። «ገንዘቡ እኮ በእጄ ነው» አልኳት። ገንዘብ አይደለም ጉዳዩ፣ ቀኑ ነው አለችኝ።

የእድርን ሕግ የሚያውቅ ሰው ይህ ሊገርመው አይገባም ነበር። እድር ሰው ከሞተ በኋላ አይገባም። በደህናው ቀን ወር በወር ይከፈላል፣ ሳይከፍል የቆየ ሰው በክፉ ቀን ድንኳኑ አይደርሰውም። አገር ቤት የቀሩት እናቶቻችን እንኳ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ይዘው በየዓመቱ ያሳድሳሉ። እኛ የተማርነው ልጆቻቸው ነን «ወጣት ነን፣ አንታመምም» ብለን የምንቀመጠው።

ኅዳር ውስጥ፣ ሐሙስ ማታ፣ ሆዱን አመመው። ፌጦ በጥብጬ ሰጠሁት። አርብ ቀን ወገቡን ሳያቀና ዋለ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «ለሆድ ቁርጠት?» አለኝ። ኢንሹራንስ እንደሌለው ስለሚያውቅ ነው ሕመሙን የዋጠው፣ ስሙን ግን ጀግንነት አለው። ቅዳሜ ሌሊት ሰውነቱ እንደ ምጣድ ጋለ፣ ጎረቤታችን በመኪናዋ ወሰደችን። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። 5 ቀን ተኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ።

ከዚያ ፖስታዎቹ መምጣት ጀመሩ። አንድ ሂሳብ አይደለም የሚመጣው። ሆስፒታሉ ለብቻው ይልካል፣ ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም ለብቻው፣ ማደንዘዣ የሰጠው ለብቻው፣ ራጁን ያነበበው ለብቻው። ወለሉ ላይ ደርድሬ ስደምራቸው ከ41,000 ዶላር በላይ ሆነ። የእኔ የወር አበል 2,000 አይሞላም ነበር።

እዚህ ላይ እያንዳንዱን ቃል ያዙልኝ፣ ይህን ማንም አልነገረንምና።

ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለ ሕግ መሠረት ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው፣ ገንዘብ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ መመርመርና ከአደጋ ማውጣት ግዴታ ነው። ስለዚህ ሕመም ይዛችሁ ቤት አትቀመጡ። ማከሙ ግዴታ ነው ማለት ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ሂሳቡ ይከተላችኋል።

ሂሳቡ ሲመጣ በድንጋጤ በክሬዲት ካርድ አትክፈሉ። ካርድ ላይ ከወጣ በኋላ የሆስፒታል ዕዳ መሆኑ ይቀራል፣ ወለድ የሚበላ የባንክ ዕዳ ይሆናል። መጀመሪያ ዝርዝር ሂሳብ ጠይቁ። እኛ ስንጠይቅ አንድ ምርመራ ሁለት ጊዜ ተጽፎ አግኝተናል። ቀጥላችሁ የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ጠይቁ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ታካሚ ሂሳብ የሚቀንሱበት ወይም የሚሰርዙበት የተጻፈ ደንብ እንዲኖራቸው የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ሂሳብ ከተላከበት ቀን አንስቶ ለማመልከት 240 ቀን አላችሁ። ይህ እርዳታ ሆስፒታሉ የራሱን ሂሳብ የሚተውበት ነው እንጂ የመንግሥት ድጎማ አይደለም። ሌላ ማንኛውም የመንግሥት እርዳታ ቅጽ ከቀረበላችሁ ግን ከመፈረማችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አማክሩ።

ባለቤቴ ቅጹን 2 ወር መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። «ልመና ነው» አለ። የመንዝን ሰው ኩራት አውቀዋለሁ፣ አከብረዋለሁም፤ ርስቱን በሙግት ያቆየ፣ ከሰው ደጅ ያልቆመ ሕዝብ ነው። በዚህ ነገር ላይ ግን ተጣላሁት። ደንብ የሰጣችሁን መብት መጠየቅ ልመና አይደለም። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እናት መጥተው ሲገሥጹት ነው የፈረመው። የአበል ደብዳቤዬን፣ የባንክ መግለጫና የኪራይ ውል አያይዘን ላክን። ሆስፒታሉ የራሱን ሂሳብ ሰረዘልን። የሐኪሙና የማደንዘዣው ግን በዚያ ደንብ አልተሸፈኑም፤ በወር 150 ዶላር እየከፈልን 22 ወር ፈጀብን።

ለፕሮፌሰሬም በጊዜው አልነገርኩትም። በዘወርዋራ «ቤት ውስጥ ትንሽ ችግር ነበር» አልኩት፣ እሱም ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ አነጋገራችንን አጥንቷል፣ «ሰምና ወርቅ» ብሎም በ1965 (እ.ኤ.አ.) አሳትሞታል። የእናንተ ፕሮፌሰር ግን ያንን መጽሐፍ አላነበበም፤ የሚሰማው ሰሙን ብቻ ነው። ከ3 ወር በኋላ በግልጽ ስነግረው በዚያው ቀን ለተማሪዎች የድንገተኛ ችግር ገንዘብ ወደሚሰጠው ቢሮ ይዞኝ ሄደ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ይህ አለው። ዘርግፋችሁ ተናገሩ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ባልና ሚስት የገባችሁበት ቀን አይ-94 በሚባለው የመግቢያ መዝገባችሁ ላይ ይገኛል፤ ከዚያ ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው 30 ወይም 31 ቀን ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ይጠይቋችኋል፣ ምክንያቱም የአባታችሁ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር ስማችሁ አይገጥምም። ልጅ ሲወለድ ደግሞ ሦስተኛ ስም ይመጣል፤ በአንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም። ተርጓሚው ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፈው። የእኛ ላይ 2009 ተብሎ በቀጥታ ተተርጉሞ ስለነበር ጸሐፊዋ ከእውነተኛው ቀን 7 ዓመት ቀድመን የተጋባን መስሏት ልደቴን እያየች ግራ ተጋብታ ነበር።

በርካሽ የሚሸጠውን የመንገደኛ ኢንሹራንስ አትመኑ። አብዛኛው እርግዝናንና ቀድሞ የነበረን ሕመም አይሸፍንም። እናንተ ባልና ሚስት ናችሁ፣ ልጅ ይመጣል። የዩኒቨርሲቲው ከበዛባችሁ የመንግሥቱን የኢንሹራንስ ገበያ ተመልከቱ፤ አዲስ ለገባ ሰው 60 ቀን ይሰጣል። ጄ-2 ከሆናችሁ ደግሞ ኢንሹራንሱ ራሱ ግዴታ ነው፤ ለአንድ ሕመም ቢያንስ 100,000 ዶላር የሚሸፍን መሆን አለበት።

ኤፍ-2 ሆናችሁ ለመጣችሁ ባሎች አንድ ቃል አለኝ። ሚስት እየተማረች ቤት መዋል እንደሚያም አይቻለሁ። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኤፍ-2 በትርፍ ጊዜ ኮርስ መውሰድ ይፈቀድለታል። ሕመሙን በኮርስና በቤተ መጻሕፍት አውጡት እንጂ በጓዳ ሥራ አታውጡት።

ስለ ቤተሰብ ገንዘብም ሳልናገር አላልፍም። ብሩ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ጊዜ ከ100 በላይ ሆነ። አገር ቤት ያለው ሰው የሚቆጥረው ብሩን ነው፣ ሀብታችሁ እጥፍ የሆነ ይመስለዋል። እናንተ ኪራዩን የምትከፍሉት በዶላር ነው። አውሮፕላን ሳትሳፈሩ ከቤተሰቡ ሁነኛ የሆነውን አንድ ሰው አስቀምጡና አበላችሁን፣ ኪራያችሁን፣ ኢንሹራንሳችሁን በቁጥር ንገሩት። የመጀመሪያውን ሴሚስተር እንደማትልኩ እዚያው ይታወቅ። በብድር ገንዘብ ሽኝት የምትደግሱም ተዉ።

ባለቤቴ ነገሩን ለእናቱ የነገራቸው ከ2 ዓመት በኋላ፣ የመጨረሻውን 150 ዶላር በከፈልን ሳምንት ነው። አማቴ ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ «ምነው ልጄ፣ ለምን አልነገርከኝም? ተዝካሩን እኮ ሙት ዓመቱ ላይ እናደርሰው ነበር» አሉት።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ባልና ሚስት በመጡ ቁጥር የገቡበትን ቀን ቀን መቁጠሪያው ላይ የሚጽፈው እሱ ነው። በ20ኛው ቀን ይደውልና የኢንሹራንስ ካርዱን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ ይላቸዋል።