ሦስት ዕዳ፣ አንድ ደብተር

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ አጅባር ነዋሪ ነን። ከጸደይ ባንክ በቡድን ዋስትና 30,000 ብር ተበድረናል። ክረምት ላይ ሲቸግረን ከግለሰብ 10,000 ብር በወር 10 በመቶ ወለድ ወሰድን። የሱቅ ዱቤም 2,000 ብር አለብን። የትኛውን እናስቀድም?

መልስ፦ መጀመሪያ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ሦስቱንም በአንድ ደብተር ጻፉ፤ የተደበቀ ዕዳ አይኑር። ለቤተሰብ ኑሮ የተገባ ዕዳ በቤተሰብ ሕጋችን የባልና ሚስት የጋራ ዕዳ ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡን እዩት። የግለሰቡ ብር በዓመት 12,000 ብር ወለድ ይወልዳል፤ ከዋናው ይበልጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለብድር ወለድ ያስቀመጠው ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ነው፤ አራጣ ማበደርም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ ወለዱ እንዲቀር በሽማግሌ ተነጋገሩና ይህን ዕዳ አስቀድማችሁ ዝጉ። በጎች ካሏችሁ መሸጥ ቢያስፈልግም አትሳሱ፤ በጎቹ የአራጣውን ያህል ፈጥነው አይረቡም።

የባንኩን ወቅታዊ ክፍያ ግን አታሳልፉ። እናንተ ስትጎድሉ ሸክሙ በቡድኑ አባላት፣ በጎረቤቶቻችሁ ላይ ይወድቃል። ካቃታችሁ ቀኑ ሳይደርስ ቅርንጫፉ ሄዳችሁ የክፍያ ጊዜው እንዲስተካከል ጠይቁ። ለባለሱቁ በየገበያው ቀን ጥቂት ጥቂት ስጡት።

እህል የምታመርቱ ከሆነ ገና ከአውድማ ሳይነሳ ሁሉንም አትሽጡ፤ ያኔ ዋጋው ይወርዳል። ለክፍያው የሚበቃውን ብቻ ሽጡ። ዕቁብ ካላችሁ ቅድሚያ እንዲሰጧችሁ ዳኛውን ለምኑ። ደብተሩ እስኪዘጋ ለድግስ ብላችሁ አዲስ ብድር አትውሰዱ። ተመካክረው የሚከፍሉ ባልና ሚስት ከዕዳው በፊት ጭንቀቱን ይገላገላሉ።