መብላት ገና ማደግ አይደለም

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ እኔ አሜባ ሲባል የማውቀው የሆድ ሕመም ነው። እርስዎ ግን የኩሬ ውሃ ነው የሚያሳዩኝ።

ጋሼ፦ ሆድ የሚያሳምመው ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ ነው። ይህች አሜባ ፕሮቲየስ ናት፤ ሰው አትጎዳም። ማይክሮስኮፑን ጠጋ ብለሽ እዪ፤ ምግቧ የሆነችውን ፓራሚሲየም በሁለት በኩል እየከበበቻት ነው።

ተማሪዋ፦ አፍ የላትም እንዴ?

ጋሼ፦ የላትም። የራሷን ሽፋን ወደ ውስጥ አጥፋ ያደነችውን በከረጢት ታስገባዋለች። ከረጢቱ አሲድ ይሞላል፤ ላይሶሶሞችም መጥተው ኢንዛይማቸውን ያፈሱበታል። ፕሮቲኑ ወደ አሚኖ አሲድ፣ ስቡም ወደ ፋቲ አሲድ ይፈርሳል። የፈረሰው ወደ ሳይቶፕላዝሟ ያልፋል፤ ያልተፈጨው ውጭ ይጣላል።

ተማሪዋ፦ በቃ፣ አደገች ማለት ነው?

ጋሼ፦ አትቸኩዪ፤ ዋናው ነገር ገና ነው። ከገባው ውስጥ ከፊሉ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ተቃጥሎ ኤቲፒ የሚባለውን የጉልበት ምንጭ ያስገኛል። እሱም መንቀሳቀሻዋ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚገባባትን ውሃ አውጥታ የምትጥለውም በዚሁ ጉልበት ነው። ለዕድገት የሚውለው ከዚህ የተረፈው ነው። አሚኖ አሲዶቹ ራይቦሶም ላይ በራሷ ዲኤንኤ ትእዛዝ እንደገና ይያያዛሉ፤ የፈረሰ ቤት ድንጋይ ለሌላ ቤት እንደሚሆነው ማለት ነው። የፓራሚሲየም ፕሮቲን የአሜባ ፕሮቲን የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ተማሪዋ፦ እስከ የት ድረስ ታድጋለች?

ጋሼ፦ እጥፍ ገደማ እስክትሆን፤ ከዚያ ለሁለት ትከፈላለች። ዴቪድ ፕሬስኮት የተባለ ተመራማሪ በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ሙከራ ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል። አሜባዋን ይመግባታል፤ ልትከፈል ስትቃረብ ከሳይቶፕላዝሟ ቆርጦ ይወስዳል። እሷም በልታ የጎደላትን ትሞላለች፤ እሱ ደግሞ ይቆርጣል። ለወራት እንዲህ ስትኖር አንድም ጊዜ አልተከፈለችም።

ተማሪዋ፦ ምግብ እያለ?

ጋሼ፦ ምግብማ ሞልቷል። የጎደለው የአካሏ ልክ ነው። እዚያ ልክ ላይ ካልደረሰች የበላችው ሁሉ የተወሰደውን መተኪያ ብቻ ይሆናል።

ተማሪዋ፦ ምግቡ ጭራሽ ካለቀስ?

ጋሼ፦ መከፈል ታቆማለች። ቀጥላ የራሷን ክፍሎች ከረጢት ውስጥ እየከተተች በዚያው ኢንዛይም ትፈጫቸዋለች፤ ኤቲፒው እንዳይቋረጥባት። አካሏም እየቀነሰ ይሄዳል። በይ፣ ከሌላኛው ብልቃጥ ጥቂት ፓራሚሲየም ጨምሪላት፤ ነገ ሁለት ሆና ልናገኛት እንችላለን።