የመንገደኛ ቤትና ሥርዓቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። አሜን።

እግዚአብሔር ዓለምን በፈጠረ ጊዜ አስቀድሞ ብርሃንን ከጨለማ፥ የብስን ከባሕር ለየ፤ ከዚህም በኋላ እያንዳንዱን ስፍራ በሚገባው ፍጥረት ሞላ። ሣሩንና ፍሬውን ሳያበቅል እንስሳትንና ሰውን አልፈጠረም። ስለዚህ ሥርዓት ሰው ከፈጣሪው የተማረው ነገር መሆኑን አስቀድመን ማስታወስ ይገባናል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በጉባኤ የሚደረገው ሁሉ በአግባብና በሥርዓት እንዲሆን አዝዟል (1ኛ ቆሮ. 14፥40)። በጉባኤ የሚገባው ሥርዓት በቤታችንም ሊገኝ የተገባ ነው።

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ አድርገን የምንይዘው በአፋር ቆላ የምትገኘውን የሚሌን ከተማ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል የሚወርደውና ከአዋሽ በገዋኔ በኩል የሚመጣው መንገድ በሚሌ ተገናኝተው ወደ ሎጊያና ወደ ሰመራ፥ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ወደብ ያመራሉ። በዚህም ምክንያት ከነባሩ የአፋር ሕዝብ ጋር ሾፌሩ፥ ነጋዴው፥ የጉምሩክ ሠራተኛውና ምግብ ቤት የከፈተችው እኅት በአንድነት ይኖራሉ። ከእነዚህም መካከል ቤተ ሰባቸውን በደጋ ትተው ለእንጀራ የወረዱ አሉ።

እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖረውን ክርስቲያን አንድ ፈተና ያገኘዋል። ይኸውም «እኔ እዚህ መንገደኛ ነኝ፤ ይህም የኪራይ ክፍል ነው» የሚል አሳብ ነው። ከዚህ አሳብ የተነሣ አልጋው ሳይነጠፍ ይውላል፤ ልብሱ በመሬት፥ ገንዘቡ በየኪሱ ይበተናል፤ የጸሎት መጽሐፉ ከሻንጣ ሳይወጣ ዓመት ይሞላዋል። ለልጆቹ ሊልከው ያሰበው ገንዘብም በምን እንዳለቀ ሳያውቅ ወሩ ያልፋል። በደጋ ያለችው ሚስት ትጠብቃለች፤ ልጆችም ከትምህርት ቤት መዋጮ ይጎድልባቸዋል። በአንዲት ክፍል የጀመረው ዝርክርክነት እንዲህ እያለ ትዳርን እስከ ማናጋት ይደርሳል።

ነገር ግን መንገደኛነት ለሥርዓት ማጣት ምክንያት ሊሆን አይችልም። እስራኤል 40 ዘመን በምድረ በዳ ሲኖሩ ቋሚ ቤት አልነበራቸውም፤ ሆኖም ሥርዓታቸው እጅግ የጠበቀ ነበር። ከድንኳኑ በምሥራቅ ይሁዳ፥ በደቡብ ሮቤል፥ በምዕራብ ኤፍሬም፥ በሰሜን ዳን፥ እያንዳንዱ ከሁለት ነገዶች ጋር በየዓላማው ይሰፍር ነበር (ዘኍ. 2)። ጉዞ በሆነም ጊዜ የቀዓት ልጆች ንዋያተ ቅድሳቱን፥ የጌድሶን ልጆች መጋረጃዎቹን፥ የሜራሪ ልጆች ሳንቃዎቹንና ምሰሶዎቹን ይይዛሉ፤ የሚሸከሙትም ዕቃ በየስሙ ይቈጠር ነበር (ዘኍ. 4)።

ቅዱስ ጳውሎስም ከሁሉ ይልቅ መንገደኛ ነበረ። ይሁን እንጂ በእስራት ሳለ በርኖሱንና መጻሕፍቱን በየትኛው ከተማ፥ በማን ቤት እንደተዋቸው ለይቶ በማወቁ ለጢሞቴዎስ ያመጣለት ዘንድ ጻፈለት (2ኛ ጢሞ. 4፥13)። ዕቃው ጥቂት ነበረ፤ የጥቂቱንም ስፍራ አልዘነጋም።

በሚሌ ዙሪያ የሚኖሩት የአፋር አርብቶ አደሮችም በዚህ ነገር ያስተምሩናል። የአፋር እናት በተቆለመሙ እንጨቶች ላይ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን አልብሳ ቤቷን ትሠራለች። ግጦሽና ውሃ ፍለጋ በሚነሡበት ጊዜም ቤቱ ተፈትቶ በግመል ይጫናል፤ በደረሱበትም ስፍራ ዳግመኛ ይተከላል። ቤት እንደዚህ በሚፈታበትና በሚተከልበት ኑሮ እንጨቱም ገመዱም ስፍራውን ካላወቀ ጉዞ አይሆንም። በሃይማኖት ብንለይም ከጎረቤት መልካም ነገር መማር ነውር አይደለም፤ ሙሴም የአስተዳደርን ሥርዓት ከምድያማዊው ከዮቶር ምክር ተቀብሏልና (ዘፀ. 18)።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በምድረ በዳ ሕዝቡን በመገበ ጊዜ መቶ መቶና አምሳ አምሳ ሆነው በተራ እንዲቀመጡ አደረገ (ማር. 6፥40)፤ ከጠገቡም በኋላ ምንም እንዳይባክን ፍርፋሪውን አሰበሰበ (ዮሐ. 6፥12)። እንጀራን ማብዛት የሚችል አምላክ ፍርፋሪ እንዲባክን ካልወደደ፥ እኛ በላባችን ያገኘነውን እንዴት እንበትናለን? በትንሣኤውም ቀን ራሱ የታሰረበት ጨርቅ ከተልባ እግሩ ተለይቶ ለብቻው ተጠቅልሎ ተገኘ (ዮሐ. 20፥7)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ሲተረጕም፥ ሥጋውን የሚሰርቅ ሌባ ጨርቅ ለይቶ ለመጠቅለል ጊዜ ባልኖረው ነበር በማለት የዕቃውን አኳኋን ለትንሣኤው ምስክር አድርጎታል።

ይህ ነገር የነፍስ ብቻ ሳይሆን የሥጋም ሕይወት የሚገኝበት ነው። በ2015 ዓ.ም. በሚሌና በሎጊያ የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ይልቁን በቀን የምትነድፍ ስትሆን፥ የምትራባውም ክዳን በሌለው በርሜል፥ በተጣለ ጣሳና ውሃ በቋጠረ አሮጌ ጎማ ውስጥ ነው። እንቍላሏ በዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ውሃው ቢደርቅ እንኳ ሳይሞት ይቆያል፤ ውሃ ባገኘ ጊዜም በሳምንት ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ትንኝ ሆኖ ይበራል። እንግዲህ ውሃ አጠራቅሞ መያዝ ግድ በሆነበት ቆላ፥ በርሜሉን ሳይከድን የሚያድር ሰው የጎረቤቱን ሕፃን ለበሽታ እንደሚያጋልጥ ይወቅ። እግዚአብሔር የእስራኤል ሰፈር ንጹሕ እንዲሆን ያዘዘው (ዘዳ. 23፥12-14) ባልንጀራን መውደድ በቤት ንጽሕና ጭምር እንደሚገለጥ ያስረዳናል።

ስለዚህ ምእመናን የሚከተለውን በልማድ እንዲይዙት እንመክራለን። በመጀመሪያ፥ ክፍሉ ምንም ጠባብ ቢሆን በምሥራቅ በኩል ለጸሎት የተለየ ንጹሕ ስፍራ ይኑር፤ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት መፈጸም ያልተቻለው ቢያንስ የነግህንና የሠርክን አይተው። ሁለተኛ፥ ሰንበት ሳይገባ፥ በዕለተ ዓርብ፥ ቤቱ ይጠረግ፤ የውሃው ዕቃ ባዶ ተደርጎ ውስጡ ተፈትጎ ይታጠብና ይከደን። ሦስተኛ፥ ገንዘብ በእጅ በገባ ቀን አስቀድሞ አሥራቱ፥ ቀጥሎ የቤተ ሰቡ፥ ከዚያም የኪራዩና የቀለቡ ተለይቶ በጽሑፍ ይያዝ። በሚሌ ጉምሩክ የመኪናው ጭነት ከዲክላራሲዮኑ ጋር ይመሳከራል፤ ክርስቲያንም ኑሮውን ከኅሊናው ጋር እንዲሁ ያመሳክር።

ዳሩ ግን ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። ቤት ማደራጀት ለሚስት ወይም ለሠራተኛ ብቻ የሚጣል ሸክም አይሁን፤ ባልም ልጆችም ድርሻቸውን ይያዙ። ደግሞም ስለ ወለሉ ጥራት የቤተ ሰቡን ልብ የሚያቆስል ሰው ማርታ ስለ ብዙ ነገር በመጨነቋ የተነገራትን ያስብ (ሉቃ. 10፥41)። ተጠርጎና አጊጦ ባዶ ሆኖ የተገኘውን ቤት ሰባት አጋንንት እንደገቡበት ጌታ አስተምሯልና (ማቴ. 12፥43-45) ንጹሕ ቤት ጸሎትና ፍቅር ይሙላበት።

ካህናት አባቶችም ንዋያተ ቅድሳቱን በዕቃ ቤት እንደሚጠብቁ ሁሉ የገዛ ቤታቸውን ለሕዝቡ ምሳሌ ያድርጉ። የራሱን ቤት ማስተዳደር ያላወቀ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚጠብቅ ሐዋርያው ጠይቋልና (1ኛ ጢሞ. 3፥5)።

ሁላችን በዚህ ዓለም መንገደኞች ነን። ጠሪው በመጣ ጊዜ ዕዳውን ያወቀ፥ አደራውን በስፍራው ያኖረ፥ ልጆቹን በሥርዓት ያሳደገ ሰው ሳይደናገጥ ይነሣል። እንዲህ ሆነን እንድንገኝ የእግዚአብሔር ቸርነት፥ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።